ፖስተሩ ላይ ኦኬሊ

ሳን ሊያንድሮ፣ ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህት ዓለም ወይንሸት፣ አንቺም እማዬም እንዴት ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፤ ለእማዬም እንደዚሁ ብለሽ ንገሪልኝ።

አሁንም ጊታር ትጫወታለህ ወይ ላልሽኝ፣ ባንዱ ፈርሷል። ዴክላንና ጓደኞቹ አገራቸው አየርላንድ ተመለሱ። አብረን እንሂድ ብለውኝ ነበር፤ ግን ወረቀቴ ስላላለቀ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። አክሊሉ ማለት አቅቷቸው በአገራቸው ስም ኦኬሊ ይሉኝ እንደነበር ነግሬሻለሁ? ሳን ሆዜ ስንጫወት ፖስተሩ ላይም ኦኬሊ ብለው ጻፉኝ። አንድ የአየርላንድ ሽማግሌ የአገሬን ልጅ ልይ ብሎ መጥቶ እኔን ሲያይ ደርቆ ቀረ! ደግ ልጆች ነበሩ። ኦክላንድ የምንለማመድበት ጋራዥ ግን ጠባብ ስለነበር ሦስት ዓመት ሙሉ ድራሙ ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሚልፒታስ ፋብሪካ እሠራለሁ። ኑሮዬ ከቤት ማሽን፣ ከማሽን ቤት ነው። በቅርቡ ፕሮሞሽን ሊሰጡኝ ነበር፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ ስልክ ማንሳት ስለሆነ እምቢ አልኩ። ማሽኑ ይሻለኛል። አንቺም ኮል አታድርጊ፣ መስመሩ ጥሩ አይደለም።

የእማዬ ድምፅ ያለበት ካሴት ደርሶኛል። ደጋግሜ ከፈትኩት። ጎረቤቶቼ «አንኳኩተን አንኳኩተን ሰለቸን፤ ድምፁን ቀንስ» የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጥፈው ሄዱ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማዬ ያለችውን ሁሉ በወረቀት ገልብጪልኝ። ስሜን የጠራችበት ቦታ ላይ አስምሪበት።

የሰፈሩን ሰው በየስሙ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ አክሊሉ