የውሃ ካሜራህን ማን እንዳበላሸው

ውዴ፣ የቤቴ መምህር፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ የንፋስ መውጫ ባጃጅም መንገዱን የአባቱ እንዳደረገ አለ። ወንድምህ ሙሉቀን ግን ያው ነው፤ ሞትህም አላስተማረው።

በሙት ዓመትህ ዕለት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተነሣና፣ አንተ ልታነሣው ያሰብከውን የእስቴውን ወንዝ አሳ ከነውሃው ፎቶ አንሥቶ ለባዮሎጂ ተማሪዎችህ እንደሚያደርስ ተናገረ። ልጆቹ አሳን ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ የት አይተውት! ድንቄም ፎቶ አንሺ። ስልኩን በላስቲክ ከረጢት ከትቶ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የስልክ መስታወት ውሃ ውስጥ ጣት እንደማይሰማ እንኳ ሳያውቅ ግማሽ ቀን ሲነካካ ዋለ። ይዞልን የመጣው የራሱን የእግር ጣቶች ፎቶ ነው።

አንተ እኮ የውሃ ካሜራህን ስትመርጥ ሁለት ዓመት ፈጅተሃል። እኔ የማልሰማ መስዬ ልብስ ሳጥፍ አንተ ታወራለህ። መጀመሪያ የሚመረጠው ውሃ የማያስገባው ሽፋን ነው፤ ሽፋን ያልተሠራለት ካሜራ ቢያምርም አይረባም። ትንሽ ይሁን፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። ከአሳው ተጠግቶ የሚያነሣ ይሁን፣ በመካከል ውሃ ሲበዛ ሁሉም ይደበዝዛል። ባሕር ዳር ያ ነጋዴ ትልቁን ካሜራ ሊያሸክምህ ሲል፣ ሽፋኑስ የታለ ብለህ መልሰህ አሸከምከው። ያን ዕለት በሆዴ ኮርቼብህ በአፌ ሞኝ አልኩህ። ትንሿን ገዝተህ ገና ውሃ ሳይነካት ታመምክ።

ሙሉቀን ስልኩ እንዳልሆነለት ሲያይ ያችኑ ካሜራ ለመነኝ። ሌላ የለንም፤ ለተማሪዎችህ ብዬ ሰጠሁት። ከወንዝ ሲመለስ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ተኝቷል፣ ካሜራዋም ሞታለች። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ወረደበት። እኔማ እናትህ ፊት ያልኩትን ለአንተ አልደግመውም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

አሁን ላንተ ብቻ ልንገርህ። ካሜራዋን ልሰጠው ሳወጣት፣ የሽፋኑን አፍ የምትዘጋው የጎማ ቀለበት ደርቃ አገኘኋት። የራሷ ቅባት እንዳላት ነግረኸኝ ነበር፤ ብፈልግ አጣሁት። እኔ አዋቂዋ፣ እንደ ጠፍር ቅቤ ቀባኋት። አስቀድመሽ ባዶውን ሽፋን ሶፍት ከትተሽበት ባልዲ ውሃ ውስጥ ሞክሪው ያልከኝንም፣ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ሙሉቀን ከወንዝ መጥቶ ሽፋኑን ሲከፍት ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀለበቷ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር በቅቤው ተጣብቋል። ውሃው በዚያ በኩል ነው የገባው። ፀጉሩን በጣቱ አነሣው፣ የራሴን ፀጉር አየት አደረገ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ስድብ ሲወርድበት ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም እያወቅሁ ሰደብኩት።

ሰው መናቅ እንዴት እንደሚቀለኝ አንተ ታውቃለህ። አንተንም ንቄሃለሁ፣ አፈርኩ። እሑድ ዘመዶቹ ሁሉ እናትህ ቤት ይመጣሉ፤ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ ብዬ ቆሜ እናገራለሁ። አንተን አልረሳህም። እሱም ስለ እኔ ዝም ማለቱን አልረሳለትም።

ሚስትህ