ሐጂ ዓወልን «ቪዳም» ያልኳቸው ዕለት

አልዩ አምባ፣ ኅዳር 1931

ወዳጄ ዘውገ፣

በፖስት ካርዱ ፊት ያለውን ጣሊያን የሠራውን መንገድ ፎቶግራፍ እለፈው፤ ሌላ ካርድ አላገኘሁም። አንተ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጋቢ ደርበህ ስትቀመጥ፣ እኔ እዚህ ቆላ በእጀ ጠባብ ብቻ ከነጋዴው ከሐጂ ዓወል ደጅ ተቀምጫለሁ። የአንኮበር ካህናት ከጣሊያን ወደ ጫካ ሲሸሹ የቤተ ክርስቲያናቸውን እርሻ በአደራ የሰጡት ለእሳቸው ነው።

ትናንት በጨዋታ መሀል «እርስዎ እኮ ቪዳም ነዎት» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው ልጄ?»

«በፈረንሳይ አገር ጳጳሱ ሰይፍ ስለማይዝ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የሚጠብቅለት መኮንን ነበረው። ቪዳም ማለት በጌታው ፈንታ የቆመ ማለት ነው።»

ደስ አላቸው። «የቪዳሞቹ መጨረሻስ?»

«ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ እያለፈ ሄደና መሬቱን ርስታቸው አደረጉት።»

ሐጂ አብረዋቸው የሚያርሱትን ልጆቻቸውን ዓብዱንና ሰላሀዲንን ጠርተው፣ «እኔ ብሞት ያ እርሻ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የኛ ነዋ አባቴ» አለ ዓብዱ።

ሐጂ አልተቆጡም። «አማና ነው፤ የሰው አደራ። ባለቤቱ ሲመለስ ትመልሳላችሁ» ብለው ሁለቱንም አስማሏቸው።

ዛሬ ጧት ዓብዱ እርሻው ድረስ ወሰደኝና ወሰኑን አሳየኝ። «እኛም ብንሞት የሚያውቅ ሰው ይኑር» አለኝ። እንግዲህ አንተም እወቀው፦ ከዋርካው እስከ ወንዙ ድረስ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን የእትዬ ቦሰናን ጉልበት ሳምልኝ። ካርዱን በእጇ ያመጣችልህን የሐጂን ጎረቤት ኡሙሀኒን ሳታሳርፍ እንዳትሸኛት።

ይሁኔ