ስም የለውም ያልከው ቅጠል

ውድ ስንታየሁ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ብጀምር አትቀየመኝ። ጽሑፍህ እስከ ከተማችን እስከ መሐል ሜዳ ደርሷል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ አስተማሪ ጓደኛዬ በስልኩ አሳየኝ። ከእኛው ጓሳ ተራራ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ተክል አግኝተህ በፕሮፌሰርህ ስም ሰይመኸዋል። እንኳን ደስ አለህ ልል ስል ዝቅ ብሎ የተጻፈውን አነበብኩ፤ «የአካባቢ ስም፦ የለውም» ይላል።

እንዴት አስቻለህ?

እኔ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በፊት አንድ ስዊድናዊ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት የላቲን ቃል ሰጠ፤ አንዱ የወገኑ፣ አንዱ የራሱ። ይህም የዓለም ሰው ሁሉ ስለ አንድ ቅጠል ሲነጋገር እንዳይሳሳት ነው እላቸዋለሁ። አምኜበት ነው። አዲሱ ስም ሲመጣ የድሮው እንዳልነበረ ይቆጠራል ብዬ ግን አስተምሬ አላውቅም፤ አንተም አብረን ስንማር እንዲህ አልተማርክም።

መድኃኒት አዋቂውን አባቴን መቼም አልረሳሃቸውም። ሽማግሌ ልከህ እሺ ከተባልክ በኋላ ጓሳ ይዘውህ ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ሁለቱን ተክሎች አንድ ናቸው ብለህ ባንድ ጋዜጣ ልትጠቀልል ስትል እጅህን የያዙህ እሳቸው ናቸው። «ዘመድ አይደሉም፤ ይሄኛው ምላስ ያቃጥላል፣ ያኛው አያቃጥልም» አሉህ። ቀምሰህ ፊትህ ሲኮማተር ሳቅንብህ። ግኝት ያልከው እንግዲህ ይኸው ነው።

ስሙን ግን እኔ አላውቀውም። በእኛ ቤት የመድኃኒት ስም ለአንድ ሰው ብቻ፣ እህል ሳይቀመስ፣ በጆሮ ነው የሚነገረው። ሴት ልጅ ተድራ ይዛው ትሄዳለች ተብሎ ለሴት አይሰጥም። አንድያ ልጃቸው ሆኜ ዘለሉኝ። ወደ ኋላ ቁሚ ብለውኝ በጆሮህ ሲያንሾካሹኩልህ አየሁ። ዛሬ ልንገርህ፣ ቀናሁብህ። ባሌ ሊሆን ነው ብዬ ቻልኩት። አንተ ግን ቀለበቱን እንኳ ሳታስር ቀረህ፤ ይዤው እንዳልሄድ የተፈራው ስም ከአንተ ጋር ሄደ።

አባቴ በጥር አረፉ። በመጨረሻቸው ሰሞን ስሙን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «ለስንታየሁ ሰጥቼዋለሁ፤ የሰጡትን አይነሡም» አሉኝ።

እንዳልጽፈው አስምለውኛል ትል ይሆናል። አዎ፣ አስምለውሃል። መሐላህን ልታከብር ከሆነ መስመሩን ባዶ መተው ትችል ነበር። «አልናገርም» ብለህ ብትጽፍስ ማን ይከስህ ነበር? «የለውም» ስትል ግን እኚያ ሽማግሌ በጆሮህ የነገሩህ ከንቱ ነው አልክ። በአፈራቸው ላይ ዋሸህ፤ ይህን እንዴት ብዬ ይቅር እንደምልህ አላውቅም።

ጽሑፍህን አርም አልልህም። የፕሮፌሰርህም ስም ይቀመጥ፤ ቀድሞ የታተመ ስም እንደሚጸና ሕጉን አውቃለሁ። በመጪው ጥር ለአባቴ ሙት ዓመት ና። ቁርስ ሳትቀምስ ስሙን በጆሮዬ ንገረኝ፤ ሴት ነሽ አትበለኝ። ረስተኸው ከሆነም አትቅር፤ ፊት ለፊቴ ቆመህ ረሳሁት በለኝ። ያን ጊዜ የጻፍከው እውነት ይሆናል።

ልታገባት የነበረችው፣
ሰብለወንጌል ጌጡ