በመግቢያው የተሰቀለው ኮት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ባሌን አምብሮዝን ያሳጣኝ ልጅሽ ሴልቢ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር የከረምኩት ይህንኑ ነው። ለሌላው ተናግሬ ለአንቺ ብደብቅ ግብዝነት ይሆንብኛል ብዬ ከሰላምታው በፊት አስቀደምኩት።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እዚያ አልበርታ ብርዱ ደረቅ ነው ይላሉ። የእኛው እንደምታውቂው ነው፤ ከባሕር እየተነሣ አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ኩሽናውን ሁለት ጊዜ አስቀባሁት፤ የጭሱ ሽታ ግን አልለቅ ብሏል።

ልጄን ይቅር በዪልኝ ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ለሥራ የሚጠራው ሰው እንደጠፋ፣ መሣሪያውን ሸጦ ወደ አንቺ ሊመጣ እንዳሰበ ጽፈሻል። እውነት ነው። ጎረቤቴ ትሪፊ እንኳ ማሞቂያዋን ያሠራችው ከሩቅ ባስመጣችው ሰው ነው። እንዲያ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። በቀብሩ ዕለትም ሣጥኑን ልሸከም ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ “አንተ አትንካው” አልኩት፤ በሰው ሁሉ ፊት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በረዶው ላይ ቆሞ ቀረ።

ነገሩን አንቺ ከሥሩ አልሰማሽውም። በጥቅምት የአምብሮዝ ጉልበት አልታጠፍ አለና፣ ጎንበስ ብሎ ቤቱን የምናሞቅበትን የኩሽናውን የጋዝ ምድጃ መለኮስ አቃተው። ሴልቢ ሪሞት ልግጠምላችሁ ብሎ መጣ። ሲሠራ ዓይኔን አልነቀልኩበትም። መጀመሪያ ጋዙን ዘጋ፤ መስታወቱ እስኪበርድም ሻይ ጠጣ። ከዚያ የታችኛውን ፍርግርግ አውጥቶ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ከጋዙ መክፈቻ ጋር አገናኘ፤ የሪሞቱን ትእዛዝ የምትቀበል ትንሽ ሣጥንም ሙቀቱ በማያገኛት ጥግ አስገባ። በሪሞቱ ላይ የሚበቃንን ሙቀት በቁጥር ሞላበት። ቤቱ ከዚያ በታች ሲበርድ እሳቱ በራሱ ይነሣል፣ ሲሞቅም በራሱ ይጠፋል። ለሪሞቱ ደግሞ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ ማስቀመጫ ሠራለት።

አምብሮዝ ሪሞቱን ወደ እሳቱ እየቀሰረ፣ “ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ በዚህ ቤት የሚታዘዘኝ ነገር አገኘሁ” አለ። ትሪፊ ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች።

ሴልቢ ግን አልሳቀም። ከቤት ስንወጣ በሣጥኗ ላይ ያለችውን ማብሪያ ወደ ማጥፊያው እንድንገፋት ነገረኝ። እኔም፣ “እሳቱ ጠፍቶ የሚተው የተለቀቀ ቤት ነው” አልኩት። መንግሥት ከተወለድንበት ደሴት ያስነሣን ዕለት እናታችን ምድጃው ላይ ውሃ ስታፈስ አንቺም አይተሻል።

ሊሄድ ሲል የመመሪያውን ወረቀት አውጥቶ፣ “አክስቴ፣ ላንብብልሽ?” አለኝ።

እስከ ስድሳ አንድ ዓመቴ በመስቀል ምልክት ስፈርም እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ዓሣ ማጥመድ ታግዶ የዓሣ ፋብሪካው ሲዘጋ ነው ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት። ትሪፊ ደግሞ ኩባያዋን ይዛ ታየኝ ነበር። “ማንበብ እችላለሁ” አልኩት። አልዋሸሁም፣ እችላለሁ። ጽሑፉ ግን የጉንዳን እግር ያህል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። ኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ምንም ሳይነግረን ሄደ አልኩ።

ክረምቱን ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ እየገባ ሪሞቱን መጫወቻ አደረገው። አንዱ ያበራል፣ አንዱ ያጠፋል። ሲመረኝ ከማስቀመጫው አንሥቼ በኮቴ ኪስ መያዝ ጀመርኩ።

በየካቲት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከሱቅ ተመለስኩና ኮቴን እንደ ሁልጊዜው ጫማ በምናወልቅባት መግቢያ ሰቀልኩ። እዚያች ክፍል ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ይረጋል። አምብሮዝ በረዶ ሲጠርግ ቆይቶ ኩሽና ካለው አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። ጓንቱና የጥጥ ሸሚዙ ርሰው ነበር። እናታችን እንዳሳየችን የጓንቶቹን አውራ ጣት ወደ እሳቱ አዙሬ፣ ሸሚዙንም ከጎናቸው፣ በምድጃው ፊት ባለው ሽቦ ላይ ሰቀልኩ። እሳቱ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ሻሌን ደርቤ ትሪፊ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ጭሱ በበሩ ሥር ይወጣ ነበር።

አምብሮዝ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሆስፒታል ውስጥ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ “ላጠፋው ተነሥቼ ነበር። ማስቀመጫው ባዶ ነው” አለኝ።

ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት።

ባለፈው ሳምንት ቃጠሎውን የመረመረው ሰው ወረቀት ላከልኝ። አንብቦ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማንንም አልጠራሁም። ሽቦዎቹ በትክክል ተያይዘዋል፣ ሣጥኗም በቦታዋ ናት ይላል። ብርዱን የሚለካው ሪሞቱ ራሱ ነው፤ ያለበት ስፍራ ከቀዘቀዘ፣ ቤቱ ቢግልም እሳቱን አንድድ እያለ ያዝዛል ይላል። ሪሞቱ መግቢያው ላይ በተሰቀለው ኮቴ ኪስ እንደተገኘም ጽፎታል። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ሴልቢ በሰጠኝ ወረቀት ሁለተኛው ገጽ ላይም ያው ቃል አለ። በምድጃው ፊት ልብስ አይሰቀል የሚለውም ከሥሩ ነው።

ሁለቱንም አስገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዋናዎቹን እሑድ ከጸሎቱ በኋላ ቆሜ ለሰዉ አነባቸዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ይታገሡኝ። ሴልቢ የእኔን ስልክ አያነሣም፤ የአንቺን ያነሣል። እሑድ እንዲመጣ ንገሪልኝ። በደጅ እንዳይቆም፤ ከፊት፣ በአምብሮዝ ቦታ ይቀመጥ።

አምላክ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ልጅሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ። ከእንግዲህ “ላንብብልሽ” የሚለኝን ሰው እምቢ አልልም።

ታላቅ እህትሽ