ከምልክቱ አንድ ክንድ በላይ

ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ጧት 2 ሰ.

ደብተሬ፣ ጭቃው ዛሬም እየተረገጠ ነው። አናጢው አያ ታከለ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ያንጎራጉራል። የዓይናዲስ ክፍል! ልጄ የመጀመሪያዋን በእናቷ ቤት ልትወልድ ነው፣ እንደ ወጉ። በነሐሴ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ማዘጋጃ ቤት የሰጠኝን የግንባታ ደንብ አነበብሁለት። ጎንደር የተማርሁት ለዚህ ጠቀመኝ። እስከ ስምንተኛው ቁጥር እሽ፣ እሽ። ዘጠነኛው፦ ወለሉ ውሃ ከደረሰበት ከፍተኛ ምልክት አንድ ክንድ ከፍ ይበል። «ይኸን የጻፈው ሰው ፎገራን በታንኳ ነው የሚያውቃት» ብሎ ሳቀ።

ሚያዝያ 14፣ ከቀኑ 5 ሰ.

የማ/ቤቱ ለኪ መጣ። የውሃውን ምልክት ያሳዩኝ አለ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምሰሶው ላይ በከሰል ያሰመረውን አሳየሁት። ከጉልበት በታች ነው።

አንቺን አልዋሽሽም፣ ደብተሬ። አሮጌው ግድግዳ ላይ፣ ደረቴ ዘንድ፣ ሌላ መስመር አለ። ቡናማ። ኖራ በቀባሁት ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ነጠላዬን ዘርግቼ ተደገፍሁበት። ወሬ አበዛሁበት፤ ወሬ መቼ ቸገረኝ! በዚያ ቢለካ ወለሉን ለማንሣት ድንጋይ ማመላለሱ ብቻ ክረምቱን ይበላል። ክፍሉ ለነሐሴ አይደርስም።

ፈረመ። ሲሄድ ጀርባዬን በረደኝ። ነጠላዬ ርሷል። ላብ ይሆናል።

ሚያዝያ 23፣ ጧት

ምርጊቱ አለቀ! አፈሩ ከጉብታው የመጣ፣ ጎርፍ ነክቶት የማያውቅ። በሁለት ቀን ደረቀ፤ ሲያንኳኩት እንደ ገል ይጮኻል። እስክስታ መምታት ነው የቀረኝ።

ከሰዓት። መስመሩ አዲሱ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ደረቴ ዘንድ። አራቱንም ግድግዳ ዞሯል። አያ ታከለ ውሃ ልክ ይዞ ለካው፤ ዝንፍ አላለም። «እኔ እንኳ እንዲህ ቀጥ አድርጌ አልሠራሁልሽም» አለ። ሊስቅ ነበር። አልሳቀም።

ሚያዝያ 26፣ ከቀኑ 4 ሰ.

ደግመን መረግነው። ተመለሰ። ስነካው ጣቴን ያረጥባል፤ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። ሰማዩ ግን ደመና የለውም።

ጎረቤቴን እማሆይን ጸሎት ያድርጉልኝ ብዬ መርቼ አመጣኋቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ። ስለ መስመሩ አንድም አልተነፈስሁ፤ ወሬኛዋ እኔ! ደፉ ላይ ቆመው አልገባም አሉ። እጃቸውን ብቻ ሰደው ግድግዳውን ዳሰሱ። መዳፋቸው መስመሩ ላይ ቆመ።

በልጅነታቸው እዚህ ግቢ አንዲት አራስ ነበረች አሉኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በቀትር፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ የርብን ወንዝ ሞልቶ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ጉብታው ሮጠ። እሷ ግን ልጄ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አልወጣም ብላ ቀረች። ውሃው እዚህ ደረሰ አሉ፣ መዳፋቸውን ሳያነሡ። «ወጉን ጠበቀች፣ ልጄ።»

እኔም ወግ ብዬ ነው ዓይናዲስን የጠራኋት።

ሚያዝያ 28፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዓይናዲስ ሳትነግረኝ ከሐሙሲት በጭነት መኪና መጣች! ክፍሉን ልታይ። ሆዷ ገፍቷል። አቀፍኋት፣ ሳምኋት፣ ሁሉን ረሳሁት። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። እንዴት ይቀዘቅዛል እማዬ፣ ደስ ሲል፣ አለችኝ።

ስትቀመጥ መስመሩ ከራሷ በላይ ነው።

ቀና ስትል ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል። እሷ አላወቀችም። ትስቃለች።

ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ደብተሬ። ማ/ቤት ሳይዘጋ እደርሳለሁ። ምልክቱን የሸፈንሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ፊርማውን ይሰርዙት፣ ክፍሉም ይፍረስ። ዓይናዲስ አማቶቿ ዘንድ ትውለድ፤ አገር ይሳቅብኝ። አሁኑኑ ይዣት ነው የምወጣው። ከአዲሱ ክፍል እንድትወጣ ሦስቴ ጠራኋት። ድምጿ ይሰማኛል፤ ከማን ጋር እንደምታወራ እንጃ። ደግሞ ከደፉ ሥር ውሃ