ካንተ የተረፈው ጸበል

ጌችዬ፣ እንደምን ከረምክ? ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ክረምት ከተባለ ነው። የመጀመሪያው ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። ሁለተኛው አንድ ሰሞን በረዶ ጥሎ ቆርቆሯችንን ቀጠቀጠና ጠፋ። በልግ የሚባለውንማ ረስተነዋል።

የምጽፍልህ ስለ ጸበሉ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶ ሆድህ እየወጣህ የምትቀዳው ምንጭ ደረቀ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አስተናባሪዎቹ ጀሪካን ከልክለው በኩባያ ያድሉን ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እሱም የለም። ቄሱ ኃጢአታችን ነው ይላሉ። የእጽዋት ማዕከል የሚሠራው ጎረቤታችን ደግሞ ዝናቡ ከድቶን ነው፣ የቀረውንም ባህር ዛፉ ይጠጣዋል ይላል። እኔ ሁለቱንም አምኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ለመከራከር ጉልበት የለኝም።

እማማን ግን ማስረዳት አቃተኝ። እናትህ አልጋ ላይ ከዋሉ ከረሙ። ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒን የሚውጡት በዚያ ጸበል ብቻ ነው። ከሌላ ደብር ሳመጣላቸው ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ቤት የቀረው አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዳኸው ነበር። ቢጫዋን ጀሪካን ማንም እንዳይነካት ነጠላ ሸፍኜ ከቁም ሳጥኑ ጎን አስቀምጫት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ለጸበሉ ብዬ አይደለም። ክዳኗን ያጠበቀው ያንተ እጅ ስለሆነ ነው። ልብስህን ሰጠሁ፣ ጫማህን ወንድምህ ወሰደው፤ እሷን መክፈት ግን አልሆነልኝም።

ታስታውሳለህ፣ ሁልጊዜ ጎደል አድርገህ ነበር የምታመጣት። ከኋላህ ለተሰለፈው እንዲደርስ ብለህ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተህ ጎዶሎ ይዘህ ትመለሳለህ እያልኩ ሳሾፍብህ ትስቅ ነበር። ያኔ ውሃው እንደ ልብ ነበር እኮ።

ባለፈው ሰሞን እማማ ክኒኑን ጨርሶ እምቢ አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ሳይ ጀሪካኗን አወጣኋት። ክዳኗ ጠብቆ ስለነበር በጨርቅ ይዤ ነው የከፈትኩት። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅህም። በኩባያ ስሰጣቸው ቀመሱና ማን አመጣው ብለው ጠየቁኝ። አንዳንዴ መሞትህን ይረሳሉ። ልጅዎ ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። እግሩ አይንቀጥቀጥ ብለው መርቀውህ ክኒኑን ዋጡ።

ከዚያ ወዲህ በትንሽ በትንሹ ሰጥቻቸው ዛሬ ጠዋት አለቀች። ነገ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ደክሞኛል፣ ጌችዬ።

ጀሪካኗን አጥቤ ቦታዋ መልሻታለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ይዣት ዳገቱን እወጣለሁ። ምንጩ ባይመለስም አንተ ትሰለፍበት የነበረው ቦታ ቆሜ ስምህን እጠራለሁ። ከተመለሰ ደግሞ ጎደል አድርጌ ነው የምቀዳው፣ ከኋላዬ የተሰለፈ ባይኖር እንኳ።