አሸካሚ ያጣ ሊቀመንበር

ሰኞ
ደግሞ ሌላ ጉድ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ሙላት የፓርቲውን ቆብ ደፍቶ ሩዝ መፈልፈያው ግቢ ገባ። እኛ ሴቶቹ ሰፌዳችንን እንደያዝን አፍጥጠን ቀረን። እሱም እኮ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ የመረጥነው እኛው ነን። አጠገቤ ያለችው ጥሩዬ፣ «አያ ሙላት፣ ፀሐዩ በረታብህ እንዴ?» አለችው። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የተሸካሚው የእንየው ነገር ነው። ጆንያ ወድቆበት ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ መሸከም አይችልም፤ ቁሐር ሚካኤል መንደር ቤቱ ተኝቷል። ማኅበሩ የበር ጥበቃው ሥራ እንዲሰጠው የመፈልፈያውን ባለቤት ሊጠይቅለት ቃል ገብቷል። ረቡዕ ስብሰባ አለ።

ረቡዕ
ከፓርቲው የመጣ ሰውዬ ምራቁ እስኪደርቅ ተናገረ። ማኅበሩና ፓርቲው አንድ ቤተሰብ ናቸው አለ። ቤተሰብ ይበለው። የእንየውን ስም የጠራ የለም። እጄን አወጣሁና ጠየቅሁ። አያ ሙላት፣ «እህቴ፣ እሱ አጀንዳ አይደለም፤ በፓርቲው በኩል ይታያል» አለኝ።

ስንወጣ ጥሩዬ ሹክ አለችኝ። የበሩ ሥራ ለአንድ የፓርቲ አባል ተሰጥቷል፤ የተስማማውም አያ ሙላት ራሱ ነው።

ሐሙስ
ቁሐር ሄድሁ። ከአስፋልቱ ስወርድ መንገዱ ጭቃ፣ ጫማዬ በእጄ። የእንየው ሚስት የሥራ ልብሱን አጥባ አስጥታለች። «ሰኞ ይጀምራል አይደል?» አለችኝ። ነገርኋት። ልብሱ ሳይደርቅ ከገመዱ አወረደችው። እንየው ግድግዳውን እያየ፣ «ጆንያው የወደቀብኝ ቀን ያሸከመኝ አያ ሙላት ነበር» አለ።

ዓርብ
የሩዝ ጆንያ ለብቻ ጀርባ ላይ አይወጣም፤ አንስቶ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። መኪናው ሲመጣ አያ ሙላት እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ማንም አላነሳለትም። የመከረ የለ፣ ያዘዘ የለ፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያውን እርስ በርስ ተሸካከሙ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ፓርቲው ያሸክምህ» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ቅዳሜ
አያ ሙላት ቆቡን ትቶ ባዶ ራሱን መጣ። ጥግ ጠርቶኝ፣ «ለእንየው ነገር ባለቤቱን አነጋግራለሁ። ለተሸካሚዎቹ ንገሪልኝ» አለ።
«ራስህ ንገራቸው። መጀመሪያ ግን ለእንየው» አልሁት።
አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አዲሱ ዘበኛ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተለት። በአስፋልቱ ሲሄድ በዓይኔ ሸኘሁት። ወደ ቁሐርም ወደ ፓርቲው ቢሮም የሚያስኬደው ያው አንድ መንገድ ነው።